ድምፅ የአንዷ፣ ከንፈር የሌላዋ

የኢጣሊያው የዳንስ ሙዚቃ ቡድን «ብላክ ቦክስ» እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣውን «ድሪምላንድ» የተባለ ሸክላ ደጋግመን ሰማነው። የኤሌክትሮኒክ ከበሮው ያው ነው፤ ፒያኖውም አንዱን ሐረግ ይመላለስበታል። ለሸክላው ነፍስ የዘራለት በወንጌል መዝሙር ያደገ፣ ከሆድ የሚወጣ የሴት ድምፅ ነው። የማን ነው ቢሉ፣ የማርታ ዋሽ። በዘፈኖቹ ፊልም ላይ ግን ከንፈሯን የምታንቀሳቅሰው ካትሪን ኪኖል የተባለች ቀጭን ሞዴል ናት። ማርታ ደልደል ያለች ሴት ናታ!

በዚያው ዓመት አሜሪካኖቹ «ሲ ኤንድ ሲ ሚዩዚክ ፋክተሪ» ያንኑ ደገሙት፤ ማርታ የዘፈነችውን አዝማች ዜልማ ዴቪስ በፊልሙ ላይ አስመሰለችው። ዜልማ ራሷም ዘፋኝ ናት፤ እሷን አንወቅስም። ራፑን ያወረደው ፍሪደም ዊሊያምስ ግን በገዛ ድምፁም በገዛ መልኩም ቀረበ።

«ከጨፈርን ምን ቸገረን፣ ዋናው ምቱ ነው» የሚሉ ጓደኞች አሉን። እስቲ ድምፁን አውጡትና ጨፍሩ! (እኛ ሒስ ጸሐፊ ነን ባዮችም ብንሆን ያልዘፈነችውን ማመስገናችን አይቀርም ነበር።)

ማርታ ከሰሰች። ነገሩ በስምምነት አለቀ፤ የ«ሲ ኤንድ ሲ»ን ሸክላ ያሳተመው ኩባንያም የዘፈነችው እሷ መሆኗ በፊልሙ ላይ እንዲገለጽ ጠየቀ።