«ለጣ»፣ «ያለ ኮርቻ»ና «በባዶ ጀርባ»፦ ስለ አንድ የግልቢያ ቃል አተረጓጐም የቀረበ ሒስ

በኢጣሊያ አገር በሲየና ከተማ በየዓመቱ ሁለት ጊዜ፣ ይኸውም ሰኔ 25 እና ነሐሴ 10 ቀን፣ ፓሊዮ የሚባል የፈረስ እሽቅድምድም ይደረጋል። ከከተማይቱ 17 ሠፈሮች የ10ሩ ፈረሶች በከተማው አደባባይ ዙሪያ ሦስት ጊዜ ይሮጣሉ፤ ጋላቢዎቹም በደንቡ መሠረት ኮርቻ አይጠቀሙም። ስለዚህ እሽቅድምድም የሚናገር አንድ የትርጉም ረቂቅ ለአስተያየት ቀርቦልን ነበር። የተርጓሚው አማርኛ በብዙው የጠራ ነው፤ የአደባባዩን ግርግርና የሠፈሮቹን ቂም የገለጸበት ክፍል ያለ ማጋነን የሚመሰገን ነው። ነገር ግን የውድድሩን ዋና ጠባይ፣ ማለት የአጋለቡን ሁኔታ፣ በጥቂት ገጾች ውስጥ በሦስት መንገድ ይለዋል። በመጀመሪያ ጋላቢዎቹ «ያለ ኮርቻ» ይጋልባሉ ይላል፤ ዝቅ ብሎ «በባዶ ጀርባ»፤ ወደ ፍጻሜው ደግሞ «በባዶ ፈረስ»። «ለጣ» የሚለው ቃል ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ እንኳ አልገባበትም።

ጥፋቱ የአንድ ሰው ቢሆን ኖሮ በረቂቁ ኅዳግ ላይ ጽፎ መመለስ በበቃ ነበር። ነገር ግን ሦስቱም አባባሎች በሌሎችም ትርጉሞች የሚዘወተሩ ስለሆኑ፣ እያንዳንዳቸው አማርኛ በሆነ አንባቢ ዘንድ ምን እንደሚያስከትሉ መመርመሩ ይበጃል።

ከሁሉ የከፋው «በባዶ ጀርባ» ነው። የእንግሊዝኛው «ቤርባክ» ቃል በቃል ተገልብጦ የመጣ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ይሁን እንጂ የምንቃወመው በመገልበጡ ብቻ አይደለም። አማርኛ «በባዶ» ከሚለው ቀጥሎ የአካል ስም ሲያስገባ ያ አካል የባለቤቱ፣ ማለት የአድራጊው ነው። በባዶ እግሩ ሄደ ብንል እግሩ የሄያጁ ነው፤ በባዶ እጁ መጣ፣ በባዶ ሆዱ ጠጣ ብንልም እንዲሁ። እንግዲህ «በባዶ ጀርባ ጋለበ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር አንድ የገጠር ሰው ቢሰማ፣ ሰውዬው ሸማውንና እጀ ጠባቡን አውልቆ፣ የገዛ ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ እንደ ጋለበ ይረዳዋል። ተርጓሚው የፈረሱን ሁኔታ ሊነግረን ፈልጎ የሰውዬውን ነገረን።

«በባዶ ፈረስ» ደግሞ ሌላ ቦታ የተያዘ አባባል ነው። ባዶ ፈረስ ማለት ሰው የሌለበት ፈረስ ነው። ከዘመቻ ባዶ ፈረስ ተመለሰ ከተባለ ለቤተ ሰቡ ሌላ መርዶ ነጋሪ አያስፈልግም። በዚህ በያዝነው ረቂቅ ውስጥ ስሕተቱ እጥፍ ድርብ የሚሆነው በፓሊዮ ሕግ ጋላቢውን ጥሎ ብቻውን የሮጠ ፈረስ ከሁሉ ቀድሞ ቢገባ አሸናፊ ስለሚሆን ነው። ነሐሴ 10 ቀን 2011 ዓ.ም. የሴልቫ ሠፈር ያሸነፈው በዚህ ዐይነት ነበር፤ ሬሞሬክስ የተባለው ፈረስ ጋላቢው ከወደቀ በኋላ ብቻውን ሮጦ ቀደመ። ኢጣሊያኖች ለዚህ ፈረስ ለብቻው ስም አላቸው፤ ካቫሎ ስኮሶ ይሉታል። አማርኛም አለው፤ ባዶ ፈረስ። ተርጓሚው ይህን ስም ቀደም ብሎ ላልሆነ ነገር ስላባከነው፣ እውነተኛው ባዶ ፈረስ ሲመጣ «ጋላቢ አልባ የሆነ ፈረስ» ወደሚል ጐባጣ አነጋገር ለመሄድ ተገደደ።

«ያለ ኮርቻ» ከእነዚህ የተሻለ ነው። ስሕተት ነው አንልም። ዳሩ ግን ሁለት ሳንካ አለበት። አንደኛው የጽሕፈታችን ሳንካ ነው። «ያለ» ለ ላልቶ ሲነበብ መስተዋድድ ሆኖ አለመኖርን ያመለክታል፤ ለ ጠብቆ ሲነበብ ግን የነባር ግሥ ዘርፍ ሆኖ መኖርን ይናገራል። ፊደላችን ጥብቀትን ስለማያሳይ «በፈረሱ ላይ ያለ ኮርቻ» ተብሎ ሲጻፍ ኮርቻው አለም የለምም ሊባል ይችላል፤ እጅግ ተቃራኒ የሆኑ ሁለት ፍቾች በአንድ መልክ ይቆማሉ። አንባቢው ከዐውዱ ይለየዋል ይባል ይሆናል። በእርግጥ ብዙ ጊዜ ይለየዋል፤ ግን አንባቢው ወደ ኋላ ተመልሶ ሁለተኛ እንዲያነብ የሚያስገድድ ትርጉም ሥራውን ጨርሷል አይባልም። አንዳንዶች ከዚህ ለማምለጥ «ያልተጫነ ፈረስ» ይላሉ። ይህም ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ጫነ ለኮርቻም ለሸክምም የሚያገለግል ግሥ ነውና፣ ያልተጫነ ፈረስ እህል ያልተጫነበት ነው ወይስ ኮርቻ ያልተደረገበት? ጌታው «በቅሎዬን ጫኑልኝ» ሲል ኮርቻውን ማለቱ ነው፤ ነጋዴው ሲል ግን ስልቻውን ነው።

ሁለተኛው ሳንካ የሐሳብ ነው፤ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅም ከመጀመሪያው ይልቅ የሚከብደው ይህ ነው። «ያለ ኮርቻ» የሚነግረን የጐደለውን ዕቃ ነው። «ለጣ» የሚነግረን ግን የፈረሱን ጀርባ ነው። ቃሉ ከላጠ፣ ከልጥና ከልጣጭ፣ አልፎም ከመላጣ ጋር ያለው ዝምድና በሥርወ ቃል ጥናት እስኪመረመር ድረስ፣ በጆሮ ግን ከነዚሁ ጐራ ይሰማል፤ ሁሉም ልባሱ የተነሣለትን ገላ ያሳያሉ። ስለዚህ ለጣ ፈረስ ሲባል በዐይነ ኅሊና የሚመጣው በጓዳ የቀረው ኮርቻ አይደለም፤ የፈረሱ ጠጉር፣ ወዙና የጀርባው አጥንት ነው። አጠቃቀሙም ይህንኑ ያጸናል። ሰው «ፈረሱን ለጣውን ጋለበው» ይላል፤ ይህ «ሥጋውን ጥሬውን በላው» ከሚለው ጋር አንድ አሠካክ ነው። ጥሬው ሥጋው እንጂ በዪው እንዳልሆነ ሁሉ፣ ለጣውም ፈረሱ እንጂ ጋላቢው አይደለም። «በባዶ ጀርባ» ያጠፋውን የባለቤትና የተሳቢ ልዩነት «ለጣውን» በአንድ ቃል አስተካክሎ ያኖረዋል።

ሌሎች ቋንቋዎችም ነገሩን በገላ በኩል ማየታቸው የሚያስገርም ነው። የሲየና ሰዎች «አ ፔሎ» ይላሉ፤ በጠጉሩ ማለት ነው። ፈረንሳይኛው «አ ክሩ» ይላል፤ ቃሉ ጥሬ ማለት ሲሆን፣ ከላይ ካመጣነው «ጥሬውን» ጋር ሳይመካከሩ ተገናኝተዋል። ዐረብኛ ፈረሱን «ዑርይ»፣ ዕራቁቱን የሆነ፣ ይለዋል፤ ከዚያው ሥር «ኢዕራውራ» የሚል ግሥ አውጥቶ ለጣውን መጋለብን በአንድ ቃል ይጠቅልለዋል፤ ይህን የግሥ መልክ ሰዋስወኞች ስለ ብርቅነቱ በምሳሌነት ሲጠቅሱት ኖረዋል። ከሁሉ ይልቅ ለጉዳያችን የሚረዳን ግን ጽርዑ ነው። ዜኖፎን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ስለ ፈረሰኛነት በጻፈው መጽሐፍ፣ ጋላቢው እንዴት እንደሚቀመጥ ሲያስተምር በ«ፕሲሎስ» ላይም ቢሆን በ«ኤፊፒዮን» ላይም ቢሆን ብሎ ሁለት ዐይነት አቀማመጥ ይለያል። ኤፊፒዮን በፈረስ ላይ የሚደረግ ማለት ሲሆን ለግልቢያ የሚነጠፍ ልብስ ነበር፤ ዐፅም ያለው ኮርቻና እርካብ በዚያ ዘመን በግሪኮች ዘንድ አልነበሩም። ፕሲሎስ ደግሞ የተራቈተ፣ ጠጉር የሌለው፣ የተመለጠ ማለት ነው። ለአማርኛ ተርጓሚ ከዚህ የቀረበ ጐረቤት ከየት ይገኛል?

ይህን የዜኖፎንን ክፍል «ያለ ኮርቻም ሆነ በኮርቻ» ብሎ የሚተረጕም ሰው ሁለት ጊዜ ይሳሳታል። በአንድ በኩል ያልነበረ ዕቃ ለግሪኮች ያድላቸዋል፤ በሌላ በኩል፣ በጨርቅ ላይ የተቀመጠውም ሰው ያለ ኮርቻ መሆኑን ይረሳል። «ለጣውንም ሆነ ልብስ በተነጠፈበት» ቢባል ግን ነገሩ ይቃናል። የለጣ ድንበር የሚታየውም በዚህ ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ደቀ መዛሙርቱ ልብሳቸውን በአህያይቱና በውርንጫዋ ላይ ሲያደርጉ ኮርቻ የለም፤ ሆኖም እንስሳይቱን ለጣ ብሎ የሚጠራት አማርኛ ዐዋቂ አይገኝም። ኮርቻ የሌለው ሁሉ ለጣ አይደለም ማለት ነው። በአንጻሩ ደግሞ ለጣነት ከጀርባ አያልፍም፤ ልጓምን አይነካም። የጥንት ጸሐፍት ስለ ኑሚድያ ፈረሰኞች ሲያወሩ ልጓም እንኳ አያገቡም ይላሉ፤ ይህን የሚተረጕም ሰው «ለጣውንና ያለ ልጓም» ማለት አለበት፤ «ለጣ» ብቻውን ሁለቱን አይሸከምም።

በአገራችን የኮርቻ ነገር የማዕረግም ነገር መሆኑን ተርጓሚዎች መዘንጋት የለባቸውም። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው፣ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር ፈረሶቹ በምን ያህል ጌጥ እንደሚወጡ ያየ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም። የፈረስ ዕቃ ከባለቤቱ ክብር የተለየ አልነበረም፤ በቤተ መንግሥቱም ባልደራስ የሚባል ሹም የቆመለት ጉዳይ ነበር። በእንዲህ ያለ ባህል ውስጥ ለጣውን የሚጋልብ ማነው? ፈረስ ወደ ውሃ የሚወስድ ልጅ ነው፤ አለዚያም ኮርቻ ለማስጫን ጊዜ ያጣ ሰው ነው። ስለዚህ በልብ ወለድ ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው «ፈረሱን ለጣውን ጋልቦ ወጣ» ከተባለ፣ አንባቢው ድንጋጤውንና ጥድፊያውን ሳይነገረው ያውቀዋል። በቡኻሪ የሐዲስ መጽሐፍ የመዲና ሰዎች በሌሊት በደነገጡ ጊዜ ነቢዩ ሙሐመድ የአቡ ጠልሐን ፈረስ ዑርይ እንዳለ ጋልበው ከሁሉ ቀድመው እንደ ወጡ ይነገራል፤ እዚያም ቃሉ ፍጥነቱን ይመሰክራል። ይህን «ኮርቻ በሌለው ፈረስ» ብንለው ነገሩ ትክክል ይሆናል፤ የሌሊቱ ድንጋጤ ግን ከቃሉ ይወጣል። ለፓሊዮ ግን ጥንቃቄ ያሻል። እዚያ ለጣነት ደንብ እንጂ ጥድፊያ ስላልሆነ ተርጓሚው ቃሉን ሲጠቀም መጀመሪያ ላይ በአንድ ሐረግ፣ «እንደ ውድድሩ ደንብ ለጣውን»፣ ብሎ ማሳወቁ አይከፋም።

ለጣን ያልተጠቀመበትን ምክንያት ተርጓሚው ሲጠየቅ የዛሬ ከተሜ አንባቢ አያውቀውም አለ። ይህ መልስ በብዙ ተርጓሚዎች አፍ ያለ ስለሆነ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። በ1962 ዓ.ም. የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት በታተመበት ዘመን አብዛኛው አንባቢ ፈረስና በቅሎ በደጁ ያየ ነበርና፣ ስለ ጋማ ከብት የሚነገር ቃል በሁለት ቃል ቢፈታም ይበቃው ነበር። ዛሬ ሶምሶማን ከደንገላሳ፣ ደንገላሳን ከሽምጥ የሚለይ ወጣት አንባቢ ጥቂት መሆኑ አይካድም፤ ዳማና ጉራች፣ ቦራና አምባላይ ብንለውም የፈረስ መልክ መሆኑ ላይገባው ይችላል። ነገር ግን አንባቢ ቃልን የሚያውቀው ተጽፎ ሲያገኘው ነው። ለጣ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ከፈረስና ከጋለበ ጋር ተያይዞ ሲመጣ ፍቹን ራሱ ይናገራል፤ «በባዶ ጀርባ» ግን የታወቁ ቃላትን ይዞ ያልታሰበ ነገር ይናገራል። ለአንባቢ የሚቀለው የትኛው ነው? ደግሞም ይህ ተርጓሚ ለሲየና ሠፈሮች «ኮንትራዳ» የሚለውን የኢጣሊያ ቃል ያለ ማመንታት ተውሶ አስተምሮናል። ለባዕዱ ቃል ያልተሳሳውን የአንባቢ ትዕግሥት ለለጣ መንፈግ ፍርደ ገምድልነት ነው።

በሙያ ቃልነት ረገድ ግን አንድ ገደብ ማድረግ ግድ ይላል። በአሜሪካና በካናዳ የሮዴዮ ጨዋታ «ቤርባክ» የሚባል የውድድር ዐይነት አለ፤ ተወዳዳሪው በሚፈራገጥ ፈረስ ላይ 8 ሴኮንድ መቈየት አለበት፤ የሚይዘውም በአንድ እጁ ሲሆን፣ የሚይዘው ነገር በፈረሱ ደረት ዙሪያ በጠፍር የታሰረ የቆዳ እጀታ ነው። ይህ በአጠራሩ እንጂ በግብሩ ፍጹም ለጣ አይደለም። እዚህ ላይ ለጣን አስፍቶ ማልበስ ከላይ የለየነውን ድንበር ያፈርሰዋል፤ ስለዚህ የጨዋታውን ስም «የእጀታ ግልቢያ» ብሎ በግብሩ መሰየም ይሻላል ባይ ነን። «ቤርባክ» ባለበት ሁሉ «ለጣ» ይግባ የሚል የጅምላ ሕግ ማውጣት፣ ተርጓሚው «ያለ ኮርቻ»ን በጅምላ እንደ ተጠቀመ ሁሉ ያው ስንፍና ይሆናል።

ለመዝገበ ቃላት የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። «ለጣ» ቅጽል ተብሎ ይግባ፤ ፍቹም «(የጋማ ከብት) ጀርባው ኮርቻም ሆነ ሌላ ልባስ ያልተደረገበት» ይሁን፤ «ኮርቻ የሌለው» በሚል ብቻ አይታለፍ። ቀጥሎ «ለጣውን» በተውሳከ ግሥነት ከጋለበ፣ ከተቀመጠና ከወጣ ጋር እንደሚነገር በምሳሌ ይታይ። ለድርጊቱ ስም «የለጣ ግልቢያ» ይበቃል፤ «ለጣ ግልቢያ» የሚሉም አሉ፤ ነገር ግን ለጣው ፈረሱ እንጂ ግልቢያው ስላልሆነ «የ» ባትቀር እንመርጣለን። «ባዶ ፈረስ» ደግሞ ራሱን የቻለ ንኡስ ርእስ ተሰጥቶት «ጋላቢ የሌለበት» ተብሎ ይፈታ፤ ረቂቁን የሚያርመውም ተርጓሚ የሴልቫን ፈረስ በዚሁ ስም ይጥራው።