የትኛው ኪሎዋት?

ኩዌት ውስጥ ሹዌኽ ሰናዒያ በምሠራበት ሱቅ ወለል ላይ ብዙ ጊዜ ሦስት ዕቃ ጎን ለጎን ይቀመጣል፤ 3.5 ኪሎዋት የሚል የእንጀራ ምጣድ፣ 3.5 ኪሎዋት የሚል ባለ አንድ ቶን ኤሲ፣ 3.7 ኪሎዋት የሚል የውሃ ፓምፕ ሞተር። ሰሌዳቸውን ብቻ ያነበበ ሰው ሦስቱም እኩል ይመስሉታል። ክላምፕ ሜትር ሲገባ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የምጣዱ ቁጥር ከመስመር የሚስበውን ይናገራል። የሞተሩ ቁጥር በዘንጉ የሚሰጠውን ነው፤ ብቃቱ 85 በመቶ ከሆነ ከመስመር የሚስበው 4.35 ገደማ ይደርሳል። የኤሲው ደግሞ ከክፍሉ የሚያወጣው ሙቀት ነው፤ ኤሌክትሪኩን ከጠየቃችሁት የዚያን ሲሶ ያህል ቢወስድ ነው። ስለዚህ ሰሌዳ ሳነብ መጀመሪያ የምጠይቀው "ይህ ገቢ ነው ወይስ ወጪ?" ብዬ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ "በምን ሁኔታ?" የሚለው ነው። ይህን ከምጣድ በላይ የሚያስረዳ የለም።

ከአገር ቤት የሚመጣው ምጣድ ለ220 ቮልት የተሠራ ነው። ኩዌት 240 ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የምጣዱ ሽቦ ያው ስለሆነ ቮልቴጁ 9 በመቶ ሲጨምር ኃይሉ 19 በመቶ ይጨምራል። 3.5 የነበረው ወደ 4.2 ኪሎዋት ይጠጋል፤ ከመስመር ከ17 አምፔር በላይ ይስባል ማለት ነው። አንዲት እህታችን ስልክ ደውላ "ወንድሜ፣ እዚህ አገር እኮ ምጣዱ ቶሎ ይግላል፤ እንጀራው ሥሩ እያረረብኝ ነው" ስትለኝ፣ ሳታውቀው በትክክል ለክታዋለች።

እዚህ ያለው ስፒና ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግሩ የእንግሊዝ ዓይነት ነው፤ ውስጡ 13 አምፔር ፊውዝ አለው። "ታዲያ ፊውዙ ለምን አይቃጠልም?" የማይለኝ የለም፤ ፎርጂድ ነው ብሎ የሚጥለውም አለ። ደህናው ፊውዝም አይቃጠልም። ደረጃው ራሱ 13 አምፔሩ ፊውዝ 1.6 እጥፉን፣ ማለትም 21 አምፔር ገደማ፣ ለግማሽ ሰዓት ሳይበጠስ እንዲችል ያስገድዳል። 17ቱ ከዚያ በታች ነው። ፊውዙ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ የሚሰቃየው ስፒናው ነው። ስትፈቱት ገመዱን የያዘችው ብሎን ጠቁራ ላልታለች፣ በፊውዙ በኩል ያለው ፕላስቲክ ቡናማ ሆኗል፣ የተቃጠለ ዓሣ የሚመስል ሽታ አለው። ሌላ ስፒና መቀየር ሥራ አይባልም። ለምድጃ የተዘረጋ ወፍራም መስመር ኩሽናው ውስጥ ካለ ምጣዱን በራሱ ማብሪያ ማጥፊያ ከዚያ ማያያዝ ነው፤ ከሌለ አለመጣድ ይሻላል። (ፊውዙ ላይ የብር ወረቀት የሚጠቀልል ወንድምም አይቻለሁ፤ ስለሱ ባላወራ ይሻላል።)

ከሽታው በፊት የሚጮህ ሰው የማይኖረው ሒሳቡ ስለማያስደነግጥ ነው። የኩዌት ዜጎች በግል መኖሪያ ቤታቸው ከ1966 ጀምሮ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍሉት 2 ፊልስ ነው። ምጣዱ አንድ ሰዓት ሙሉ ቢጣድ ለማዳም ቤት 9 ፊልስ አይሞላም።

የኤሲው ሰሌዳም ሁኔታ አለው። የተለመደው ቁጥር የሚለካው ውጭው 35 ዲግሪ ሲሆን ነው፤ እዚህ 35 የግንቦት ረፋድ ነው። ለባሕረ ሰላጤው የሚሠሩት በ46 ዲግሪም ይለካሉ፤ ዕቃ ስትገዙ ይህኛውን ቁጥር ፈልጉ። ሙቀቱ ሲጨምር የሚያወጣው ቅዝቃዜ ይቀንሳል፣ የሚስበው ኤሌክትሪክ ይጨምራል፤ ሁለቱም በማይፈለግበት ሰዓት። ሐምሌ 2016 በፈረንጆች ሚትሪባ 53.9 ዲግሪ የተመዘገበባት አገር ናት። በሰኔ 2024 መብራት በፈረቃ ሲጠፋ አንዳንዱ ገረመው፤ ኤሲ የሚጠግን ሰው ግን አልገረመውም።

ጋራዦቹ መንደር ስትገቡ ወሬው በፈረስ ጉልበት ነው። በአገራችን ገጠር የሚታወቀው ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ ላንድክሩዘር፣ ዋን ኤች ዜድ ሞተሩ፣ 96 ኪሎዋት ነው ይባላል፤ 130 ፈረስ ገደማ። እውነት ነው፣ ግን በደቂቃ 3800 ሲዞር። ዳገት ላይ ጎተተ የምንለው 2200 አካባቢ ላይ ነው፤ እዚያ ጉልበቱ 285 ኒውተን ሜትር ስለሆነ ኃይሉ ሲሰላ 66 ኪሎዋት ቢሆን ነው።

በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ ኢትዮጵያ ማስገባት በ2024 መጀመሪያ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ጥያቄው ከአዲስ አበባ ይመጣል። ታናሽ ወንድሜ ሰሞኑን "150 ኪሎዋት የሚል ኤሌክትሪክ መኪና ልገዛ ነው፤ የቤታችን መስመር ይችለዋል?" አለኝ። 150ው ፔዳሉን እስከ ታች ሲረግጥ ሞተሩ ለጎማው የሚሰጠው ነው፤ በ100 ፍጥነት ሜዳ ላይ ሲነዳ 20ም ላይደርስ ይችላል። ባትሪው 60 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ይህ ማጠራቀሚያው ነው። ቤቱን የሚመለከተው የቻርጀሩ 7 ኪሎዋት ብቻ ነው፤ 32 አምፔር፣ ባዶውን ባትሪ ለመሙላት ወደ ዘጠኝ ሰዓት። ቻርጀሩን ወደ 16 አምፔር ማውረድ ይቻላል፤ የሚሞላበት ሰዓት ግን እጥፍ ይሆናል። ይህን ካስረዳሁት በኋላ መኪናውን ተወውና የቆጣሪውን ዋና ብሬከር ፎቶ አንስተህ ላክልኝ አልኩት።