ሹብሃ ከየት ይጀምራል? የዐብዱልቃዲር ዐውዳ «አት-ተሽሪዑል ጂናኢይ አል-ኢስላሚይ» ሲመዘን

ግብፃዊው የሕግ ሊቅ ዐብዱልቃዲር ዐውዳ እ.ኤ.አ. በ1954 በስቅላት ከመገደላቸው በፊት ያበረከቱት ይህ ባለ ሁለት ቅጽ ሥራ የእስልምናን የወንጀል ሕግ ከሰው ሠራሽ ሕግ ጋር ያነጻጽራል። አንደኛው ቅጽ ጠቅላላ መርሆችን፣ ሁለተኛው ወንጀሎችን በየተራ ይተነትናል። ፊቅህ ሥርዓት የለውም ለሚሉ ብርቱ መልስ መሆኑን እንመሰክራለን። ያለ ድንጋጌ ወንጀልም ቅጣትም እንደሌለ ሸሪዓ ቀድሞ መደንገጉን ያስረዱበት ክፍል ዛሬም ዋጋው አልቀነሰም።

ነቀፌታችን የሚነሣው ከዚሁ ብርታት ነው። ፊቅህ በዘመናዊ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ቅርጽ ሲደራጅ፣ ሹብሃ (ጥርጣሬ) ከብዙ ርእሶች አንዱ ሆኖ ይቀራል። በፉቀሃእ ዘንድ ግን ሑዱድን በሹብሃ መመለስ የምዕራፉ ሁሉ መግቢያ ነው። ማዒዝ ዝሙት መፈጸሙን ሲናዘዝ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ደጋግመው ፊታቸውን አዞሩበት፤ ዑመር (ረ.ዐ.) በረሃቡ ዓመት የሌባን እጅ ከመቁረጥ ታቀቡ።

ነገሩ የአቀራረብ ብቻ አለመሆኑን የፓኪስታን ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የዝሙት ድንጋጌ አስገድዶ መድፈርን ከዝሙት ጋር ጠቀለለ፤ የሐድ ማስረጃ ባልተሟላበትም በተዕዚር መቅጣትን ፈቀደ። በዚህም ተደፈርሁ ብላ አቤት ያለች ሴት መገደዷን ማስረዳት ሲያቅታት፣ አቤቱታዋና እርግዝናዋ በራሷ ላይ ማስረጃ እየሆነ በዝሙት የተከሰሰችበት ጊዜ ነበር። ሱረቱ አን-ኑር ግን ንጽሕት ሴትን በዝሙት ወንጅሎ አራት ምስክር ያላቀረበ 80 ጅራፍ እንዲገረፍ ያዘዘው ክብሯን ሊጠብቅ ነው። መድፈር ከዝሙት ድንጋጌ የተለየው በ2006 ማሻሻያ ነው።

ዐውዳ ይህን ድንጋጌ አልጻፉም፤ ከመውጣቱ ሩብ ምዕተ ዓመት ቀድመው አልፈዋል። ሐድ ሲወድቅ ተዕዚር የሚገባበት ቦታ እንዳለም አንክድም። ሆኖም ሐድን ያስቀረው ጥርጣሬ የተከሳሿን ጥፋተኝነት ራሱን የሚነካ ሲሆን፣ በተዕዚር ስም መቅጣት ሹብሃን ከንቱ ያደርገዋል። በግፍ የተቀጣ ንጹሕ ሰው ጉዳይ ዳኛውን በአላህ ፊት ያስጠይቀዋልና።

መጽሐፉ በመድረሳም በዩኒቨርሲቲም እንዲነበብ እንመክራለን። ተማሪው ግን ስለ ቅጣቶቹ ከማንበቡ በፊት ስለ ሹብሃ የተጻፈውን ያንብብ።