የባለቤቱ ስም አለበት፣ የጸሐፊው የለበትም፦ የጎጃም ደብተራ የአስማት ጥበብ ምንጭና ሐረግ

ስለ ጎጃም ደብተራ የአስማት ጥበብ ሲነሣ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «ከየት መጣ?» የሚለው ነው። መልሱ እንደ መላሹ ይለያያል። ባለ ጥበቡ ከንጉሥ ሰሎሞን ጀምሮ ይቆጥራል። ሰባኪው የሰይጣን ሥራ ነው ብሎ ይዘጋዋል። የውጭ አገር አጥኚ ከግብጽ ወይም ከዓረብ መጽሐፍ ይመዝዘዋል፤ የባህል ተቆርቋሪው ደግሞ ከክርስትና በፊት የነበረ የአባቶች እምነት ቅሪት ነው ይላል። አራቱም መላሾች ተለይተው መታየት ያለባቸውን ሁለት ነገሮች ያደባልቃሉ፤ የጽሑፉን ምንጭና የባለሙያውን ሐረግ። ክታቡ ላይ ያለው ቃል ብዙ ባሕርና በረሃ አቋርጦ የመጣ ነው። ክታቡን የሚጽፈው ሰው ግን የተሠራው እዚሁ ነው፤ በምሥራቅ ጎጃም ከምትገኘው ከጉንደ ወይን ከተማ ብዙ በማይርቁት በመርጡለ ማርያም፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ፣ ራቅ ሲልም በጎንጅና በዋሸራ ዙሪያ ባደጉ የአብነት ጉባኤዎች። የጥበቡ ሐረግ የሚገኘው በቅኔ ቤቱ ሐረግ ጥላ ሥር ነው ብዬ እከራከራለሁ፤ ይህን ሳይዙ ስለ ምንጩ ብቻ መጻፍ ግማሹን ታሪክ መተው ነው።

ከጽሑፉ እንጀምር፤ ማስረጃው እዚህ ላይ ጠንካራ ነው። ማንም ኦርቶዶክሳዊ ጌታ የተቸነከረባቸውን የአምስቱን ችንካሮች ስም ያውቃል፤ ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራ፣ ሮዳስ። በክታቡም በጸሎት መጽሐፉም እነዚህ ስሞች ይደጋገማሉ። አምስቱ ስሞች በላቲን ከታወቀ አንድ የፊደል ሠንጠረዥ ጋር ሲተያዩ ግን ዝምድናቸው ወዲያው ይታያል። ሠንጠረዡ አምስት ቃላት አሉት፤ ሳቶር፣ አሬፖ፣ ቴኔት፣ ኦፔራ፣ ሮታስ። እያንዳንዱ ቃል አምስት ፊደል ሲሆን ሠንጠረዡ ከግራም ከቀኝም፣ ከላይም ከታችም ቢነበብ ያው ነው። በ79 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በእሳተ ገሞራ በተቀበረችው የጣሊያን ከተማ በፖምፔ ተጭሮ ተገኝቷል። በግብጽ ኮፕቶችና በኖባ ክርስቲያኖች ዘንድም ይታወቃል። እኛ ዘንድ ሲደርስ የአራት አቅጣጫ ንባቡ ጠፍቷል፤ የስሞቹ ክብርና ቅደም ተከተል ግን አልጠፋም። የሮም ተራ ሰው ግድግዳ ላይ የጫረው የፊደል ጨዋታ በጎጃም ደጋ የሕማማት ምሥጢር ሆኗል። ይህን የሚያህል ጉዞ በአንድ ሰው ፈጠራ አይገለጥም፤ ከእጅ ወደ እጅ የተሻገረ ጽሑፍን ይጠይቃል።

ጸሎተ ሱስንዮስም በዚያው መንገድ የመጣ ነው። ሕፃናትን የምትገድለው ውርዝልያ፣ ልጁ የሞተበት ሱስንዮስ፣ ፈረሱና ጦሩ፣ በመጨረሻም ስሙ ባለበት ላለመቅረብ የገባችው መሐላ፣ ይህ ሁሉ በጥቂት ልዩነት በግሪክ ሲሲንዮስና ጊሎ በተባሉ ባለ ታሪኮች ይተረካል። በግብጽ በባዊት ገዳም ግድግዳ ላይም ሲሲንዮስ በፈረስ ተቀምጦ አንዲት ሴት ጋኔን ሲወጋ ተሥሏል። በእኛ ክታቦች ራስጌ የምናየው ፈረሰኛ ሥዕል ዘመዱ መሆኑን ለመጠራጠር ምክንያት የለም። የዓረብኛው ድልድይ ደግሞ ዐውደ ነገሥት በተባለው የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ይታያል። የሰውየው ስምና የእናቱ ስም ተቆጥሮ በ12 ሲገደፍ የሚወጡት ከዋክብት ሐመል፣ ሰውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ሚዛን፣ አቅራብ እያሉ ይቀጥላሉ፤ ስማቸው ከነድምፃቸው ዓረብኛ ነው። ከ1348 እስከ 1388 (እ.ኤ.አ.) የነበሩት ጳጳስ አቡነ ሰላማ «መተርጉም» ተብለው የሚጠሩት ብዙ የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ከዓረብኛ ወደ ግእዝ በመመለሳቸው ነው። ገድላትና ጸሎታት በገቡበት በር የጥበብ መጻሕፍትም ቢገቡ የሚያስደንቅ አይደለም።

ለዚህ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ቡዳ፣ ዛር፣ ባርያ፣ ዓይነ ጥላ ከግሪክ የመጡ አይደሉም፤ ሕዝቡ ከመጽሐፉ በፊትም ያውቃቸው ነበር፤ ስለዚህ ጥበቡ በመሠረቱ አገር በቀል ነው፣ የክርስትና ልብስ ለብሶ ነው እንጂ ይባላል። ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው። ክታብን ዘርግቶ የአጋንንቱንና የሕመሙን ዝርዝር ላነበበ ሰው ከወንጌል የመጣው ሌጌዎን ከባርያ ጎን ይቆማል፤ ቡዳና ቁመኛ፣ ደስክና ጉዳሌ፣ ፍልጸትና ቁርጸት፣ ምችም ይከተላሉ። የአገሬው ጸሐፊ እጅ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በዚህ ዝርዝር ነው። ከውጭ በመጣው ጸሎት መካከል የመንደሩን በሽታ በመንደሩ ስም አስገብቷል። ነገር ግን ይህ የሚያስረዳው ሕመሙ የአገር መሆኑን ነው። የመድኃኒቱ አሠራር፣ ማለትም የተሰወረ ስም መጥራት፣ በስሙ ማሰር፣ ስሙን በብራና ጽፎ አንገት ላይ ማንጠልጠል፣ ያለ ጽሑፍ አይታሰብም። እንግሊዛዊው አጥኚ ዋሊስ በጅ በ1929 (እ.ኤ.አ.) ልፋፈ ጽድቅ የተባለውን የጸሎት መጽሐፍ ባሳተመ ጊዜ ከሙታን ጋር መቀበሩን አይቶ ከጥንታዊት ግብጽ የሙታን መጽሐፍ ጋር አመሳስሎታል። ማመሳሰሉ ይማርካል፤ ነገር ግን ሁለቱ ከሙታን ጋር መቀበራቸው ብቻውን ዝምድና አያስረዳም። የልፋፈ ጽድቅ ስሞችና የእመቤታችን ጥያቄ የሚኖሩት በክርስትናው የጸሎት ዓለም ውስጥ ነው፤ በመካከል ያለውን የሺህ ዓመታት ክፍተት የሚሞላ ጽሑፍም አልቀረበም።

የምንጩ ጉዳይ በዚህ ይብቃ። ከባዱ ጥያቄ የሐረጉ ነው። ባለ ጥበቡ ሰሎሞንን ሲጠራ፣ መጽሐፈ አርድእትም ስሞቹን ጌታ ለደቀ መዛሙርቱ ገለጠ ሲል፣ ይህ የዘር ቆጠራ ምን ይሠራል? እዚህ ላይ የቻይናን የዳኦ ሃይማኖት ታሪክ ማየት ይጠቅማል። ያንግ ሺ የተባለ ባለ ራእይ ከ364 እስከ 370 (እ.ኤ.አ.) ከሰማያውያን ተቀበልሁ ያለውን ጽሑፍ ታኦ ሆንግጂንግ (456–536) በማኦሻን ተራራ ተቀምጦ ሰብስቦ አርሞታል። ይህ የተማሩ መኳንንት የጽሞናና የራእይ ሥርዓት ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ ግን በደቡብ ቻይና፣ በታይዋንና በባሕር ማዶ በሚኖሩ ቻይናውያን ዘንድ ጠልሰም የሚጽፉና ጋኔን የሚያስወጡ የመንደር ጥበበኞች ሥራቸውን «የማኦሻን ጥበብ» ብለው መጥራት ያዙ። ከያንግ ሺ ጽሑፍ ጋር የሚያገናኛቸው ገመድ እጅግ ቀጭን ነው፤ የተራራው ስም ግን ክብር ይሰጣቸዋል። የሩቅ አባት ስም መጥራት ሥልጣን የመጠየቂያ መንገድ ነው፤ የሰሎሞን ስምም እኛ ዘንድ ይህንኑ ሥራ ይሠራል። ልዩነቱ ከሰሎሞን ወዲህ ባለው ነው። በቻይና ተማሪው ሥልጣን ሲቀበል የመምህሩና የመምህራኑ ስም በሥርዓት ይጠራል፤ ሐረጉ በአደባባይ ያለ ነው። በጎጃም ግን ከሰሎሞን እስከ ዛሬው ደብተራ ያለው መካከል ባዶ ነው።

ይህ ባዶነት በክታቡ ላይ በዓይን ይታያል። በበግ ወይም በፍየል ቆዳ የተዘጋጀው ጥቅል ብዙ ጊዜ የባለቤቱን ቁመት ያህል ይሠራል፤ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቅ ነው። በየጸሎቱ መጨረሻ «ለአመትከ» ይልና ቦታ ይተዋል፤ በዚያ ቦታ የባለቤቷ የክርስትና ስም ብዙውን ጊዜ በቀይ ቀለም ይገባል። ክታቡ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ የቀድሞው ስም ተፍቆ አዲሱ ይጻፍበታል፤ ፍቀቱ በብዙ ጥቅሎች ላይ ዛሬም ይለያል። የጸሐፊው ስም ግን ከጥቂቶች በቀር የለም። አሁን ያንኑ ደብተራ ቅኔ ቤት አግኝተን ከማን እንደ ተማረ ብንጠይቀው የኔታውን፣ የኔታውም የተማሩበትን ቤት በኩራት ይነግረናል፤ የጎንጅ ቤት ነው፣ የዋሸራ ቤት ነው፣ የዋድላ ነው ይባላል። አንዱ ሰው ሁለት ሐረግ አለው፤ የሚነገርና የማይነገር። የማይነገረው ጽሑፍ አልባ ሆኖ የቀረው ስለሌለ ሳይሆን ከሚነገረው ጋር አንድ መንገድ ስለሚሄድ ነው። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከጉባኤ ወደ ጉባኤ ሲዞር ቅኔ ይቆጥራል፣ ይቀኛል፣ አገባብ ያጠናል። ጸሎትና የመድኃኒት ጽሑፍ የሚቀዳውም በዚሁ ጉዞ ነው። ለአእምሮ መክፈቻ ይጠጣል የሚባለው አብሾ በቅኔ ቤት ወግ ውስጥ መኖሩ፣ ትውፊቱም ተዋነይን የቅኔ ሊቅ ብቻ አድርጎ ሳይተወው ስውር ጥበብ አዋቂ ማድረጉ፣ ሁለቱ ሐረጎች በሕዝቡ አእምሮ ቀድሞውኑ የተጋመዱ መሆናቸውን ያሳያል።

አንትሮፖሎጂስቱ አለን ያንግ በ1975 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጥናት የአማራውን የአስማት ሥራ ሙያ ሊባል ጥቂት የቀረው አድርጎ አቅርቦታል፤ ማኅበር የለውም፣ ባለሙያዎቹ ምሥጢር ይደባበቃሉ፣ ጽሑፉም በግል ይገበያያል። በዚህ አመለካከት ሐረግ የሚባል ነገር ከቶ የለም፤ ያለው ገበያ ነው። የገበያው ነገር አይካድም። ነገር ግን መጽሐፍ መግዛትና በመጽሐፍ መሥራት አንድ አይደሉም። ግእዝ የማያነብ፣ አገባብ ያልገባው፣ ቀለም መበጥበጥና ብራና መፋቅ ያልለመደ ሰው ልፋፈ ጽድቅን ቢገዛ ይስመዋል እንጂ አይጽፈውም። ሥር ማሹና ቅጠል በጣሹ ሁሉ መድኃኒት ያውቅ ይሆናል፤ ክታብ ግን ወደ ተማረው ሰው ይወስዳል። ስለዚህ ገበያው ራሱ የሚቆመው በትምህርት ቤቱ ወንፊት ላይ ነው። አለን ያንግ ያጣው ተቋም ነበረ፤ የራሱ የአስማቱ ስላልሆነ ነው ያልታየው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ተቃውሞ ሌላ ነው። ይህ ክርክር ሊቃውንቱን ያሰድባል፤ ቤተ ክርስቲያን ጥንቆላን ታወግዛለች፤ የቅኔ መምህራን ጉባኤ ዘርግተው ያረጁት ለእግዚአብሔር ቃል ነው እንጂ ለድግምት አይደለም የሚል ነው። ይህ መልካም ቅሬታ ነውና በጥንቃቄ መመለስ አለበት። ቅኔ ቤቱ አስማት ያስተምራል አላልኩም፤ ብዙዎቹ የኔታዎች ይህን ነገር አጥብቀው ይጠየፋሉ። የምለው ትምህርቱ የሚያፈራው ችሎታ፣ የተማሪው የዙረት ሕይወትና ከምረቃ በኋላ የሚገጥመው ድህነት በአንድ ላይ ለዚህ ሥራ መንገድ ከፈቱ ነው። ክልከላውም ቢሆን ድንበሩን አላጠራውም። ከ1434 እስከ 1468 (እ.ኤ.አ.) የነገሠው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጠንቋዮችንና መጻሕፍታቸውን በጽኑ አሳድዷል። ያው ንጉሥ ግን ሕዝቡ በግንባሩ የሥላሴን ስም፣ በእጁም ሰይጣንን የመካድ ቃል እንዲጽፍ አዘዘ። በሰውነት ላይ የተጻፈ ቃል ሰይጣንን እንደሚያርቅ ንጉሡም ባለ ክታቡም ያምኑ ነበር፤ የተለያዩት በየትኛው ቃልና በማን ሥልጣን በሚለው ነው። ውግዘቱ ጥበቡን አላጠፋውም፤ የጸሐፊውን ስም ግን ከብራናው ላይ አጠፋው። ከላይ ያየነው ባዶ መካከል የተፈጠረው በዚህ ይመስለኛል።

ዛሬ ዐውደ ነገሥት ታትሞ ይሸጣል፤ ክታብም በየሙዚየሙ እንደ ሥዕል ይታያል። ፈረንሳዊው አጥኚ ዣክ መርሲዬ በ1997 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ ሥዕሉን እንደ መድኃኒት አድርጎ ማንበቡ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ የሚቀረው ተከታይ እርምጃ ግን ክታቡን ከቅኔ ቤቱ ጋር አያይዞ ማንበብ ነው። ይህ ያለፈ ዘመን ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በቴሌግራምና በፌስቡክ ሀብት እናመጣለን፣ የሄደ ፍቅር እንመልሳለን የሚሉ ማስታወቂያዎች ሞልተዋል። ከስማቸው በፊት የሚያስቀድሙት «መሪጌታ» የሚለውን ነው። ይህ የሰሎሞን ማዕርግ አይደለም፤ የአብነት ትምህርት ቤትና የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ማዕርግ ነው። ጉባኤ ቤት ደጅ ያልረገጠ አታላይ እንኳ ለመታመን የሚሰርቀው የትምህርት ቤቱን ሐረግ ነው፤ የማኦሻንን ስም እንደሚዋሰው የመንደር ጥበበኛ ማለት ነው። ስርቆቱን ለመለየት የሚያስችለው ብቸኛ መዝገብ ደግሞ በየኔታዎቹ ቃል ብቻ ያለ ነው፤ ማን ከማን ተማረ፣ በየትኛው ጉባኤ፣ በየትኛው ዘመን። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም የአብነት ጉባኤዎቹም ይህን ቃል ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ቢመዘግቡት፣ ከዚያም በየቤተ መጻሕፍቱ ካሉት ጥቅሎች የእጅ ጽሕፈትና የአጋንንት ዝርዝር ጋር ቢያስተያዩት፣ ስሙ ያልተጻፈው ጸሐፊ ቢያንስ ከየትኛው ቤት እንደ ወጣ መናገር ይቻላል።