ጎረቤት የተስማማበት ቁጥር፦ የእንግሊዝ የቤት ፍላጎት ማስረጃ ሂሳዊ ዳሰሳ

የኮቨንትሪ ከተማ ምክር ቤት በ2017 ያጸደቀው የልማት ዕቅድ ከ2011 እስከ 2031 ድረስ ለከተማዋ 42,400 ቤቶች ያስፈልጋሉ ይላል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በከተማዋ ወሰን ውስጥ ሊሠሩ የሚችሉት 24,600 ብቻ መሆናቸው ታመነ። ለቀሩት 17,800 ቤቶች በዙሪያዋ ያሉት የዎሪክሻየር ወረዳዎች መሬት እንዲያገኙ የመግባቢያ ሰነድ ተዘጋጀ፤ ዕቅዱም በመንግሥት መርማሪዎች የተደረገበትን ምርመራ አለፈ። የኦክስፎርድ ከተማ ምክር ቤት ደግሞ እስከ 2040 በሚዘልቀው ረቂቅ ዕቅዱ በዓመት 1,322 ቤት ያስፈልገኛል አለ። ጎረቤቶቹ ቁጥሩን አልተቀበሉትም። በሴፕቴምበር 2024 መርማሪዎቹ ምክር ቤቱ ከጎረቤቶቹ ጋር የመተባበር ሕጋዊ ግዴታውን አልተወጣም ብለው ደመደሙ፤ ዕቅዱም ወደቀ።

ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጥኳቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ምርመራውን ያለፈው የኮቨንትሪ ዕቅድ የተደገፈበት የሕዝብ ትንበያ በኋላ በቆጠራ ተፈትኖ አልቆመም። የወደቀው የኦክስፎርድ ዕቅድ ግን የወደቀው ቁጥሩ ሐሰት ሆኖ ስለተገኘ አልነበረም። የእንግሊዝ ሥርዓት ምክር ቤቶች ስለ ቁጥሩ መነጋገራቸውን የሚመዝንበት ሚዛን ጥብቅ ነው፤ የተነጋገሩበትን ቁጥር የሚመዝንበት ሚዛን ግን ላላ ያለ ነው።

የነገሩ ሥር 2010 ላይ ነው። በዚያ ዓመት ሥልጣን የያዘው ጥምር መንግሥት ለየአካባቢው የቤት ድርሻ የሚደለድሉትን ክልላዊ ዕቅዶች ለመሻር ወሰነ። ከላይ ደልዳይ ከጠፋ ወሰን የሚሻገረውን ጉዳይ ማን ይይዘዋል? መልሱ በ2011 የአካባቢያዊነት አዋጅ የገባው የመተባበር ግዴታ ሆነ። ግዴታው የመስማማት ግዴታ አይደለም፤ በቅንነትና ሳያቋርጡ የመመካከር ግዴታ ነው። ነገር ግን አንድ አስፈሪ ባሕርይ አለው፦ ዕቅዱ ለምርመራ ከቀረበ በኋላ ጉድለቱ አይታረምም። የመሬት ምርጫ ወይም የስሌት ስሕተት በምርመራው መሐል በማሻሻያ ሊቃና ይችላል፤ የመተባበር ጉድለት ግን ዕቅዱን በሙሉ ይዞት ይወድቃል። ኬንት ውስጥ የምትገኘው ሰቨንኦክስ ይህን በራሷ አይታዋለች። 93 በመቶ የሚሆነው መሬቷ አረንጓዴ ቀበቶ፣ ማለትም ከከተማ መስፋፋት የተከለለ መሬት ነው። ምክር ቤቱ የጎደለውን ቤት እንዲይዙለት ለጎረቤቶቹ በይፋ የጻፈው በኤፕሪል 2019 ሲሆን ዕቅዱን ለምርመራ ያስገባውም በዚያው ወር ነው። መርማሪዋ ዘግይቷል አሉ። ምክር ቤቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ድረስ ቢሄድም በኖቬምበር 2020 ተረታ። ሴንት አልባንስና ዊልደንም በዚሁ ግዴታ ተሰናክለዋል።

ኮቨንትሪ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። የ2011 ቆጠራ በከተማዋ 317,000 ያህል ነዋሪ መዝግቧል። ከዚያ ወዲህ የብሔራዊ ስታቲስቲክስ ቢሮ በየዓመቱ የሚያወጣው ግምት ሽቅብ ተምዘገዘገ፤ በ2020 አጋማሽ 379,387 ደረሰ። ከተማዋ ከለንደን ውጭ በፍጥነት ከሚያድጉት አንዷ ተባለች። የዕድገቱ ምንጭ ዩኒቨርሲቲዎቿ ናቸው። ከውጭ አገር የሚመጣ ተማሪ ሲገባ በመጤነት ይቆጠራል። ትምህርቱን ጨርሶ ሲወጣ ግን ከየትኛው ከተማ እንደወጣ የሚናገር አስተማማኝ መዝገብ አልነበረም፤ የሚወጡት ሰዎች ቁጥር ከመንገደኞች ናሙና ተገምቶ ለየአካባቢው ይከፋፈል ነበር። መውጣቱ በበቂ ያልተመዘገበው ተማሪ በወረቀት ላይ እዚያው ኮቨንትሪ ቀረ፤ በትንበያውም አገባ፣ ቤተሰብ መሠረተ፣ ቤት ጠየቀ።

ይህን መጀመሪያ የያዙት የስታቲስቲክስ ሊቃውንት አልነበሩም፤ የአረንጓዴ ቀበቶው ተከራካሪዎች ነበሩ። የሰዎቹ ፍላጎት ግልጽ ነው፦ ከደጃቸው ፊት ያለው ማሳ እንዳይገነባበት ይፈልጋሉ። ያቀረቡት ማስረጃ ግን ከአማካሪ ድርጅቶቹ ድርሳን ይልቅ ለዓይን የቀረበ ነበር። ሕዝቡ በተባለው መጠን ከጨመረ ወሊድ ለምን በዚያው ልክ አልጨመረም? ትምህርት ቤት የሚመዘገበው ሕፃን የት ሄደ? የመኪናው ምዝገባስ፣ የድንገተኛ ሕክምና ክፍሉ ታካሚስ? በሜይ 2021 የስታቲስቲክስ ተቆጣጣሪው ቢሮ ባወጣው ግምገማ ብዙ ተማሪ ባለባቸው እንደ ኮቨንትሪ ባሉ ከተሞች ግምቱ ከአካባቢው ማስረጃ ጋር እንደማይጣጣምና ከፍ ያለ ሊሆን እንደሚችል አመለከተ። ጥቅም ያለው ሰው ያመጣው ማስረጃ በጥቅሙ ምክንያት ብቻ ውድቅ እንደማይሆን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ጉዳይ አላውቅም።

የማርች 2021 ቆጠራ ውጤት ሲወጣ የከተማዋ ነዋሪ 345,300 ሆኖ ተገኘ። ዓመት ሳይሞላ 34,000 ያህል ሰው ጠፋ ማለት ነው፤ ወይም አስቀድሞም አልነበረም። ቆጠራው በወረርሽኙ ወቅት መካሄዱ የተማሪውን ቁጥር ዝቅ አድርጎት ሊሆን ይችላል የሚለው መከራከሪያ ሚዛን አለው፤ ልዩነቱን በሙሉ ግን አይሸከምም። በአሥር ዓመት ውስጥ 62,000 አድጓል የተባለው ሕዝብ ያደገው በ28,000 ነው። (የኢትዮጵያ የመጨረሻ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ2007 መሆኑን ለሚያስብ አንባቢ፣ ኮቨንትሪን ያረማት የትንበያ ጥበብ ሳይሆን በጊዜው የደረሰ ቆጠራ መሆኑ ሊቆረቁረው ይገባል።)

ውጤቱን በቤት ቁጥር እንየው። በ2022 ለኮቨንትሪና ለዎሪክሻየር በጋራ በተሠራው ጥናት መንግሥት ያዘዘው መደበኛ ስሌት ለከተማዋ በዓመት 3,188 ቤት ሰጠ። አጥኚዎቹ የቆጠራውን ውጤት ሲያስገቡ 1,964 ሆነ። በዚህ ውስጥ መንግሥት በታላላቅ ከተሞች ላይ የጫነው የ35 በመቶ ጭማሪ አለ፤ እርሱ ሲወጣ 1,455 ይቀራል። ለአንዲት ከተማ፣ በአንድ ወቅት፣ ሦስት ፍላጎት! በመጨረሻው ቁጥር ሲሰላ የሃያ ዓመቱ ፍላጎት 29,100 ነው። የ2017 ዕቅድ በከተማዋ ወሰን ይሠራል ካለው 24,600 ጋር የዘመኑ መነሻ ስለሚለያይ በቀጥታ አይነጻጸርም፤ ያም ሆኖ ለጎረቤት የተላለፈው 17,800 ከየት እንደመጣ ለመጠርጠር ከበቂ በላይ ነው። በጎረቤቶቹ ዘንድ ግን ነገሩ አልቆ ነበር። የዎሪክ ወረዳ ዕቅድ በ2017፣ የራግቢና የኑንኢተን ዕቅዶች ደግሞ በ2019 የኮቨንትሪን ድርሻ ይዘው ጸድቀዋል።

እዚህ ላይ ቸኩሎ “እንግዲያው ትንበያ ሁሉ ያጋንናል” የሚል ድምዳሜ ላይ መድረስ ስሕተት ነው። ኦክስፎርድ የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው። የቤተሰብ ብዛት ትንበያ ያለፈውን አዝማሚያ ወደፊት ይዘረጋል። ቤት ባልተሠራበትና ኪራይ በናረበት ከተማ ወጣቱ ወላጆቹ ዘንድ ይቆያል ወይም ከተማውን ለቅቆ ይሄዳል፤ አዲስ ቤተሰብ ስላልተመሠረተም ትንበያው ፍላጎት የለም ይላል። እጥረቱ ራሱ የእጥረቱን ማስረጃ ያጠፋዋል። የ2018 መደበኛ ስሌት ይህን ለማካካስ የቤት ዋጋ ከዓመታዊ ደመወዝ ጋር ያለውን ንጽጽር አስገባ፦ ዋጋው ከደመወዝ አራት እጥፍ ሲያልፍ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ እጥፍ 6.25 በመቶ ይታከል ነበር፤ ጣሪያው በአብዛኛው 40 በመቶ ነበር። በዚህ ስሌት ኦክስፎርድ የሚደርሳት በዓመት 762 ቤት ነበር።

ታዲያ 1,322 ከየት መጣ? የኦክስፎርድ ከተማና የቻርዌል ወረዳ ምክር ቤቶች በጋራ አማካሪ ቀጥረው በ2022 ጥናት አወጡ። ጥናቱ መጀመሪያ የመላው ኦክስፎርድሻየርን ፍላጎት ከሥራ ዕድል ዕድገት ጋር አያይዞ በዓመት 4,406 ቤት አለ። ቀጥሎ ይህን ለአምስቱ ወረዳዎች እያንዳንዳቸው በ2040 ይኖራቸዋል በተባለው የሥራ ድርሻ ከፋፈለው። ኦክስፎርድ 30 በመቶ ያህሉን ስለምትይዝ 1,322 ደረሳት። አንባቢ ልብ ይበል፦ የመጀመሪያው እርምጃ ስሌት ነው፤ ሁለተኛው ግን ድልድል ነው። ቤት በሥራ ቦታ ይከፋፈል ወይስ በነዋሪ ብዛት የሚለው ጥያቄ በየትኛውም መረጃ አይመለስም፤ ምርጫ ነው። ሁለት ምክር ቤቶች ያዘዙት ጥናት የአምስትን ድርሻ መደልደሉ፣ ያውም ድልድሉን “ፍላጎት” ብሎ መሰየሙ፣ ደቡብ ኦክስፎርድሻየርንና ሌሎቹን ማስቆጣቱ አይገርምም።

ቁጣው ታሪክም አለው። በ2014 በተሠራው ጥናት መነሻነት ከኦክስፎርድ የተረፈ 14,300 ቤት ወደ አራቱ ጎረቤቶች ዕቅድ እንዲገባ ተደልድሎ ነበር። ቻርዌል 4,400 ያህሉን በኪድሊንግተን አካባቢ ከአረንጓዴ ቀበቶ በወጣ መሬት ተቀበለች። ደቡብ ኦክስፎርድሻየር በ2019 ምርጫ አስተዳደሯ ሲቀየር ዕቅዷን ልታነሣ ፈልጋ የቤቶች ሚኒስትሩ በትእዛዝ አስቆሟት፤ በዲሴምበር 2020 ሳትወድ አጸደቀችው። አምስቱ በጋራ የጀመሩት የ2050 ዕቅድም በኦገስት 2022 የቤት ቁጥር ስሌት ላይ መስማማት አቅቷቸው ፈረሰ። የሁለቱ ምክር ቤቶች ጥናት የወጣው ከዚህ ፍርስራሽ ወራት በኋላ ነው። ከቀድሞው ድልድል በላይ ከጎረቤት የሚጠየቀው ትርፍ ወደ 2,500 ቤት ብቻ መሆኑ ጠቡን ይበልጥ አስገራሚ ያደርገዋል፤ ጠቡ ስለ 2,500 ቤት ሳይሆን ቆጣሪው ማን ይሁን በሚለው ላይ ነበርና።

በእኔ አመለካከት መርማሪዎቹ በኦክስፎርድ ላይ የደረሱበት ድምዳሜ በሕጉ መሠረት ትክክል ነው፤ ሕጉ ግን የጠየቃቸው የጉዳዩን ግማሽ ነው። ኮቨንትሪ ከጎረቤቶቿ ጋር ስትደራደር ከምክር ቤቶቹ ማንም የተማሪዎቹን መውጫ አልጠየቀም፤ መነሻው መንግሥታዊ ትንበያ ነበርና ክርክሩ ሁሉ በክፍፍሉ ላይ ሆነ። ይፋዊ ቁጥር ጥያቄን ይዘጋል። መንግሥትም ቢሆን ቁጥሩን የሚያከብረው ሲመቸው ነው፦ በ2016 መረጃ የተሠራው የብሔራዊ ስታቲስቲክስ ቢሮው ትንበያ የአገሪቱን ዓመታዊ የቤተሰብ ጭማሪ ከ210,000 ወደ 159,000 ባወረደው ጊዜ ምክር ቤቶቹ የቆየውን የ2014 ትንበያ ይዘው እንዲቀጥሉ ታዘዙ። አዲሱ ማስረጃ የተተወው መንግሥት በዓመት ሊያሠራ ወዳቀደው 300,000 ቤት ስለማያደርስም ነበር።

የዲሴምበር 2024 ስሌት ከዚህ ጣጣ በአንድ ጊዜ ወጣ። ትንበያን ትቶ በየወረዳው ካለው ቤት 0.8 በመቶ ይወስዳል፤ የዋጋውን ንጽጽር ይጨምርበታል፤ የአገሪቱ ድምር በዓመት 370,000 ገደማ ይደርሳል። ለኮቨንትሪ የሚሰጠው 1,400 አካባቢ ነው፤ ከቆጠራው ጋር የተቀራረበው በአጋጣሚ ነው፣ ሰው የሚባል ነገር በስሌቱ ውስጥ የለምና። ይህ የፍላጎት መለኪያ አይደለም፤ ኮታ ነው። ኮታ መሆኑ ነውር የለበትም። ነውሩ ኮታውን እንደ ማስረጃ ማቅረብ ነው።

የመተባበር ግዴታው እንዲሻር የ2023 አዋጅ መንገድ ከፍቷል፤ መንግሥትም ክልላዊ ዕቅድን በአዲስ መልክ እመልሳለሁ ብሏል። ደልዳዩ ተመልሶ ከላይ ሲቀመጥ የጎረቤታሞቹ ንትርክ ሊቀንስ ይችላል። የኮቨንትሪን ዓይነት ስሕተት የሚይዝ ነገር ግን በዚህ ለውጥ ውስጥ አልታየኝም። ስለዚህ ለዕቅድ አውጪዎችና ለመርማሪዎች የምለው አለኝ፦ ጥናቱን የሚነካቸው ወረዳዎች ሁሉ በአንድነት ያዝዙት፤ ስሌቱ የሚያልቅበትና ድልድሉ የሚጀምርበት ገጽ ተለይቶ ይታተም፤ ማንኛውም የሕዝብ ግምት ከወሊድ፣ ከትምህርት ቤትና ከጤና መዝገብ ጋር ሳይተያይ የአንድም ማሳ ከለላ አይነሣበት። በኮቨንትሪ ዕቅድ ከአረንጓዴ ቀበቶ የወጡት ኬረስሊና ኢስተርን ግሪን በድምሩ ከ5,000 በላይ ቤት ተመድቦላቸዋል፤ ግንባታውም ተጀምሯል።