የሩስተም ፓሻ ቀይ

ኢስታንቡል ውስጥ ታህታካሌ የሚባለው ሰፈር ሰው ለጉብኝት ብሎ የሚሄድበት አይደለም። ገመድ፣ ቅርጫት፣ የእንጨት ማንኪያ፣ የጅምላ ፕላስቲክ ዕቃ፣ ተቆልቶ የሚፈጭ ቡና፣ ሁሉም ጠባብ መንገድ ላይ ወጥቶ ይጋፋል። (ቡናው እንግዳ አይደለም፤ የከተማይቱ የመጀመሪያዎቹ ቡና ቤቶች በ1550ዎቹ እ.ኤ.አ. የተከፈቱት እዚሁ ሰፈር ነው ይባላል።) ለልብስ ንግድ ወደ ላሌሊ ሰፈር የሚመላለሱ የአገራችን ነጋዴዎች ግማሽ ቀን ከተረፋቸው በትራም ወደ ኤሚኖኑ ይወርዳሉ፤ የግብጽ ገበያ የሚባለውን የቅመም ተራ አይተው ይመለሳሉ። ከዚያ ትንሽ አለፍ ሲሉ በሱቆች መካከል ጠባብ በርና ጨለም ያለ ደረጃ አለ። መጋዘን የሚያስገባ ይመስላል፤ የሚያወጣው ግን ወደ ሩስተም ፓሻ መስጊድ ነው።

መስጊዱ የተሠራው ሱቆች አናት ላይ ነው። ሩስተም ፓሻ የሱልጣን ሱሌይማን ዋና ሚኒስትርም አማችም ነበር፤ በ1561 ሞተ፤ ሕንጻው ያለቀው ከዚያ ጥቂት ዘግይቶ ነው። አርክቴክቱ ሲናን ከታች በድንጋይ ቅስት የታነጹ ሱቆችን አስቀመጠ፤ ኪራያቸው ለመስጊዱ መተዳደሪያ ሆነ። ከላይ ሰፊ መድረክ ዘርግቶ መስጊዱን አቆመበት። የገበያው ጫጫታ እስከ በረንዳው ይከተላል።

በረንዳው ላይ ግን ጫማ ከማውለቅ በፊት ግድግዳው ያስቆማል። በሰማያዊ፣ በቱርኩዝና በቀይ አበባ ያጌጠ ሴራሚክ ነው። የመጣው ከኢዝኒክ ነው፤ በ325 ሠለስቱ ምዕት የተሰበሰቡባት የእኛዋ ኒቅያ ማለት ናት። በሱሌይማን ዘመን ከተማይቱ የቤተ መንግሥቱ የሴራሚክ ማምረቻ ነበረች።

የኢዝኒክ ባለሙያ የሚሠራው በተራ ሸክላ አይደለም። ጭቃው በአብዛኛው የተፈጨ ኳርትዝ ነው፤ ጥቂት የብርጭቆ ዱቄትና ነጭ ሸክላ ይጨመርበታል። እንዲህ ያለው ጭቃ እንደልብ አይታዘዝም፤ ሲደርቅ ግን ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ቀለሙም የሚያበራው በዚያ ንጣት ላይ ስለተቀመጠ ነው። ንድፉ በመርፌ በተበሳ ወረቀት ላይ የከሰል ዱቄት እየተነሰነሰ ይተላለፋል፤ ከዚያ በቀጭን ብሩሽ ጠርዙ ይሰመራል፣ ውስጡ ይሞላል። በመጨረሻ ግልጽ መስታወታማ ሽፋን ይለብስና 900 ዲግሪ ገደማ በሚሆን እሳት ውስጥ ይገባል።

ፈተናው ያለው ቀዩ ላይ ነው። ሰማያዊው ከኮባልት፣ ቱርኩዙ ከመዳብ ይገኛል፤ ሁለቱም ከሽፋኑ ጋር ተዋህደው ይቀመጣሉ። ብረት የሚሰጠው ቀይ ግን በስሱ ከተቀባ እሳት ውስጥ ይደበዝዛል ወይም ይጠፋል። ስለዚህ ብረት የበዛበትን ቀይ አፈር አወፍረው ደፈኑት። በዚህ ምክንያት ቀዩ ከግድግዳው ከፍ ብሎ ይታያል፤ በጎን በሚመጣ ብርሃን የቱሊፕ አበባው ቅጠል እንደ ጥልፍ ተነሥቶ ጥላ ይጥላል። ይህን ቀይ በትልቅ ሕንጻ ላይ መጀመሪያ ያሳየው በ1557 የተጠናቀቀው ሱሌይማኒዬ መስጊድ ነው፤ ከዚያ በኋላ የዘለቀው ለጥቂት አሥርት ዓመታት ብቻ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ቡኒ ወረደ፣ ሰማያዊውም መፍሰስ ጀመረ።

ይበልጥ ጠጋ ብሎ የሚያይ ሰው መጋጠሚያውን ይመልከት። ሴራሚኮቹ በግምት 25 ሳንቲ ሜትር ካሬ ናቸው፤ አንዱ ላይ የተጀመረው ግንድ በሚቀጥለው ላይ ያልቃል። እያንዳንዱ ለብቻው ተቀብቶ ተጠብሷል፤ እሳት ደግሞ ትንሽም ቢሆን ያጣምማል። ሆኖም ግንዱ መስመሩን ስቶ አይሄድም። የሳተ ቢገኝ ኋላ በጥገና የገባ ቁራጭ መሆኑ ብዙ ጊዜ በዓይን ይለያል።

ሴራሚኩ በዛ የሚሉ አሉ። ሲናን ራሱ በሱሌይማኒዬ ውስጥ ሴራሚኩን በጸሎት አቅጣጫው ግድግዳ ላይ ብቻ ነው ያኖረው፤ እዚህ ዓምዶቹም ሳይቀሩ ለብሰዋል፤ የሕንጻው አጥንት ከአበባው ሥር ተሸሽጓል። እውነት አላቸው። እኔ ግን ከዓምዱ ፊት ለፊት ቆሜ ስለ አጥንት ለማሰብ አልቻልኩም።

ወደ ገበያው ሲወረድ ሳህንና ጎድጓዳ በየሱቁ ተደርድሯል፤ አብዛኛው የኩታህያ ከተማ ሥራ ነው። ሻጩ ሁሉንም «የእጅ ሥራ» ይላል። ለማረጋገጥ ዕቃውን ወደ ብርሃን አዘንብሎ፣ በጣት ቀዩን መዳበስ ነው። የተለጠፈ ሥዕል ከሆነ ቀዩም ሰማያዊውም እኩል ልሙጥ ነው፤ የአበባው ጠርዝም ከሳህን ሳህን አይለወጥም። በእጅ የተቀባው ላይ ብሩሹ ያረፈበት ቦታ ቀለሙ ጠቆር ይላል፣ ቀዩም ከጣት ሥር ይሰማል። ዋጋ መከራከር የሚያዋጣው እንዲህ ባለው ዕቃ ላይ ነው።