ከፓነሉ ሥር ያለው አበባ

በሚኒሶታ አንዳንድ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ሜዳዎች፣ ከፓነሎቹ ሥር ያለው ጠጠር ወይም የታጨደ ሣር ሳይሆን የአገሩ የሜዳ አበባ ነው። ንብ ይዞርበታል፤ ከአጥሩ አጠገብ ቀፎ የተቀመጠበትም አለ። ይህ እንዲያው የመጣ አይደለም። ለንብና ለቢራቢሮ ተስማሚ የሆነ የፀሐይ ሜዳ ምን መምሰል እንዳለበት በሕግ በመደንገግ ሚኒሶታ ከአሜሪካ ግዛቶች ቀዳሚዋ ናት፤ ዓመቱ እ.ኤ.አ. 2016 ነበር። ሐሳቡን ወደ ሌሎች ግዛቶች በማዳረስ ብዙ የደከመው ደግሞ ሴንት ፖል ከተማ የሚገኘው ፍሬሽ ኢነርጂ የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ሌላው ሥራው ነው። ድርጅቱ ፓነል ሻጭ አይደለም። የሚታየው በግዛቱ ምክር ቤት፣ እንዲሁም የመብራት ኩባንያዎች ዕቅድና ታሪፍ በሚወሰንበት የሕዝብ አገልግሎቶች ኮሚሽን ፊት ነው። እዚያ የሚቀርበው ሰነድ ወፍራምና አሰልቺ ነው፤ አንብቦ፣ ስሌቱን ፈትሾ የሚከራከር ከሌለ የሚሰማው የኩባንያው ድምፅ ብቻ ይሆናል። ይህን የመሰለ ትዕግሥት ከሌሎች ብዙ ድርጅቶች ትግል ጋር ተደምሮ በ2023 ፍሬ አፈራ። በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ ኩባንያዎቹ በ2035 ከሚያቀርቡት ኤሌክትሪክ 55 በመቶው ከታዳሽ ምንጭ እንዲሆን፣ በ2040 ደግሞ ሁሉም ከካርቦን ልቀት ነፃ እንዲሆን ያዛል።

በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል የምትኖሩ ወገኖች፣ ኮሚሽኑ የሕዝብ አስተያየት ይቀበላል። የታሪፍ ጉዳይ ሲቀርብ እናንተም ጻፉ።